ከቦርከና ዳር ከተቃጠለው ሞተር እስከ ባልቲሞር ላቦራቶሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሚሴ የደረሰ መንገደኛ የጨፋን ሜዳ ሳያይ አያልፍም። በበጋ ወራት የአካባቢው ከብት አርቢ ብቻ ሳይሆን ከአፋር ቆላ የሚወጣውም መንጋውን ይዞ የሚጠለልበት፣ የቦርከና ወንዝ አቋርጦት ወደ አዋሽ የሚወርድበት ሰፊ ለምለም መሬት ነው። ማሽላውና ማሾው የዝናብ ነው፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ግን የመስኖ ነው። መስኖ ባለበት ደግሞ ዛሬ ዛሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር አለ።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከአንድ የተቃጠለ ሞተር ነው። በዞኑ ውስጥ የሚገኝ አንድ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ከብዙ ድካም በኋላ መብራት አስገብቶ፣ የነዳጅ ሞተሩን ትቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሳቢያ ተከለ። ሽንኩርቱ ተተክሎ ሥር መያዝ በጀመረበት ሰሞን አንድ ቀን ረፋድ ላይ መሳቢያው ውኃ መግፋቱን አቆመና ማጓራት ጀመረ። ጠባቂው ወንዙ ጎድሎ ነው ብሎ የመምጠጫውን ቱቦ ሊያስተካክል ወረደ። ሲመለስ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ጠበቀው። የመዳቡ ጥምጥም ጠቁሮ ነበር።

በዚያ ቀን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በሥፍራው ነበር። በዲፕሎማ የተመረቅሁ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ውኃ መሳቢያም አንድ ሙሉ ትምህርት ወስጃለሁ። ሆኖም በተማርሁበት ኮሌጅ ሞተሩን ያየሁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው። ከሦስቱ ገመዶች አንዱ ሲቋረጥ ሞተሩ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ሰሌዳው አይናገርም። ስለዚህ እኔም እንደ ጠባቂው ወደ ወንዙ ነበር የተመለከትሁት። ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ለመሆኑ ይህን ነገር የሚያስተምር ሰው አገራችን ውስጥ አለ ወይ፣ ካለስ የት ተምሮ መጣ ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሞተሩ ተፈትቶ ጥምጥሙ እንደገና እስኪሠራ ሽንኩርቱ ጠወለገ።

የሽማግሌው ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። በዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚያስተምር ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? ስንት ዓመት ይማራል? ሥራውስ ምንድን ነው? ለእኛ ገበሬዎችስ ምን ይፈይዳል? ይህን ስከታተል በሕይወት ታሪካቸው ብዙ ትምህርት የሚገኝባቸውን አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር አገኘሁ። ዶክተር ያዕቆብ አስታጥቄ ይባላሉ። በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር፣ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ሞርጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክና ኮምፒዩተር ምሕንድስና መምህር ናቸው። (የእርሳቸውን ታሪክ በሚመለከት የጠቀስኋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተማሩበት ቤት

ስለ መምህሩ ከመናገር በፊት ስለ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ዘሩ የሚታወቀው ከመሬቱ ጋር ነውና። ሞርጋን ስቴት በ1867 የተመሠረተ ነው። ይህም በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማለት ነው። መጀመሪያ ጥቁር ወጣቶችን ለስብከት ሥራ የሚያሠለጥን አነስተኛ ተቋም ነበር። በ1890 ሞርጋን ኮሌጅ ተባለ፤ በ1939 የሜሪላንድ መንግሥት ገዝቶ የሕዝብ ኮሌጅ አደረገው፤ በ1975 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቆዳቸው ጥቁር በመሆኑ ሌላው በር ለተዘጋባቸው ሰዎች የተከፈተ ቤት ነው። የምሕንድስና ትምህርት ቤቱ ግን እስከ 1984 ድረስ አልነበረም።

ዶክተር ያዕቆብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከዚሁ ቤት ያገኙት በ1992 ነው። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። ያልተሟላ ነገር በሚበዛበት አዲስ ቤት ነው የተማሩት፤ ይህንን የምጠቅሰው በሌላ ምክንያት አይደለም። አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሲባል አፍንጫችንን የምንነፋ ብዙዎች ነን፤ በተለይ ልጃችን ኮምቦልቻ ሲመደብና የጎረቤት ልጅ አዲስ አበባ ሲመደብ።

እያስተማሩ መማር

በ1994 ነሐሴ ወር ዶክተር ያዕቆብ በተማሩበት ክፍል ሙሉ ጊዜ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ ዶክተር አልነበሩም። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ እዚያው ባልቲሞር ካለው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ያገኙት በ1996 ነው። የምሕንድስና ዶክትሬታቸውን ከሞርጋን ስቴት ያገኙት ደግሞ በ2005 ነው። ከመጀመሪያው ዲግሪ እስከ ዶክትሬቱ 13 ዓመት መሆኑ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 11ዱን ዓመት ያሳለፉት ቀን ቀን ሌላውን እያስተማሩ ነው። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው በሬን ከጥጃነቱ አሳድጎ፣ ገርቶ፣ አርሶበት፣ አርጅቶ እስኪለቀቅ ያለው ዕድሜ ነው ብለው ገረማቸው።

በዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ፕሮፌሰርነት እንደ ሹመት በአንድ ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም። በእኛ አገር የመጀመሪያ ዲግሪውን በከፍተኛ ውጤት የጨረሰ ተማሪ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ሊቀጠር ይችላል፤ ቀጥሎ ረዳት ሌክቸረር፣ ሁለተኛ ዲግሪ ሲይዝ ሌክቸረር፣ ከዚያም ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ በመጨረሻም ፕሮፌሰር ይባላል። ከረዳት ፕሮፌሰር በላይ ያለውን ደረጃ ለማግኘት ማስተማር ብቻ አይበቃም፤ ምርምር አድርጎ ሌሎች የሙያ ባልደረቦች መርምረው በተቀበሉት መጽሔት ላይ ማሳተም ይጠበቃል። ሦስተኛው ግዴታ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። ይህችን ሦስተኛዋን ግዴታ የማኅበር መሪዎች ልብ እንዲሉልኝ እጠይቃለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዶክተር ያዕቆብ የሚያስተምሩት የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩቶችን፣ የመለኪያ መሣሪያዎችንና በገመድ አልባ የመልእክት ማስተላለፍን ነው። ኤሌክትሮኒክስ ማለት በእጃችን የያዝነው ስልክ ውስጥ ያለው ነው። ዛሬ የከሚሴ ነጋዴ የማሾን ዋጋ ከአዲስ አበባ የሚሰማው፣ ገንዘቡንም በቴሌብር የሚቀበለው በዚሁ እውቀት ነው። ከ50 በላይ የጥናት ጽሑፎችን አሳትመዋል። በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክና ኮምፒዩተር ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራም ሲቋቋምም ግንባር ቀደም ሚና ነበራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር መጣ። ተማሪው ከቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ትምህርቱን ቢከታተል ንድፈ ሐሳቡን ሊሰማ ይችላል። ላቦራቶሪውስ? የምሕንድስና ተማሪ ዕቃ ሳይነካ ሊመረቅ አይገባም። እርሻን በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ሞፈር ሲይዝ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

በመዳፍ ላይ ያለ ላቦራቶሪ

በኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ውስጥ ዋናው መሣሪያ ኦሲሎስኮፕ ይባላል። የኤሌክትሪክ ኃይል በዓይን አይታይም፤ ኦሲሎስኮፕ ግን እንደ ማዕበል እየወጣና እየወረደ ሲሄድ በመስታወቱ ላይ ያሳያል። ከእርሱ ጎን ኃይል የሚሰጥ ሌላ ሣጥን፣ ሞገድ የሚፈጥር ሌላ ሣጥን፣ የሚለካ ሌላ ሣጥን ይደረደራል። አንዱን ጠረጴዛ ሙሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በድሀ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ይከማቻል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው በትከሻ ላይ ያያል፤ ከኋላ የቆመው ደግሞ የፊተኛውን ጀርባ አይቶ ይወጣል።

በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሚገኘው ሬንሰሌር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ መምህራን ይህን ችግር ለማቃለል ሞባይል ስቱዲዮ የተባለ ዘዴ ፈጠሩ። በመዳፍ ላይ የምትያዝ አንዲት ሰሌዳ ናት። በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ስትያያዝ የኮምፒዩተሩ መስታወት ኦሲሎስኮፕ ይሆናል፤ ሰሌዳዋም የእነዚያን ሁሉ ሣጥኖች ሥራ በአነስተኛ መጠን ትሠራለች። ዋጋዋ ከትልቁ የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ጋር አይወዳደርም፤ ተማሪው በቦርሳው ይዟት ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ዶክተር ያዕቆብ ይህችን ዘዴ በሞርጋን ስቴት ሥራ ላይ ካዋሉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለከቱ። ከሬንሰሌር ፕሮፌሰር ኬኔት ኮነር ጋር በመተባበርም የዚህን ትምህርት አሰጣጥ ጉዳይ በጥናት ጽሑፍ አቅርበዋል። ለዓመታት በየክረምቱ ወደ ኢትዮጵያ እየመጡ በአምስት ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ተንቀሳቃሽ ላቦራቶሪው አጠቃቀምና ስለ ማስተማር ዘዴ ሥልጠናና ትምህርት ሰጥተዋል። የአሜሪካ ተማሪ ዕረፍት ሲወጣ፣ የእኛ ገበሬ ደግሞ ማሳው ላይ ሲደክም ማለት ነው።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ሥልጠናው ነው። ዕቃ መስጠት ቀላል ነው። በእኛ ወረዳዎች በእርዳታ መጥተው መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጡ የዘር መዝሪያዎች፣ ወፍጮዎችና የወተት መናጫዎች ስንት ናቸው? የሚያስነሣቸው ሰው ሳይሠለጥን የመጡ ስለሆኑ ነው። መምህሩ ከሠለጠነ ግን ዕቃው ቢሰበር እንኳ እውቀቱ በክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይቀበለዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግድ ነው። ይህች ሰሌዳ ለጥቃቅን ኃይል የተሠራች የማስተማሪያ መሣሪያ ናት። ባለ 220 ወይም ባለ 380 ቮልት የመስመር ኃይል ቢነካት እርሷም ትቃጠላለች፣ የያዛትም ሰው ይሞታል። የመሳቢያ ሞተርን የምትመረምር አይደለችም። ተማሪው ግን በእርሷ ላይ ሞገዱ እንዴት እንደሚሄድ፣ ሲቋረጥም ምን እንደሚመስል በዓይኑ ካየ፣ በኋላ ትልቁን ሞተር ሲሰማ ይገባዋል። እኔ ያጣሁት ይህንኑ ነው።

ሥራቸውም ሳይታወቅ አልቀረም። በ2012 የአሜሪካ የምሕንድስና ትምህርት ማኅበር የመካከለኛው አትላንቲክ ክልል ምስጉን መምህር ተብለው ተሸለሙ፤ በ2013 የዚሁ ማኅበር የአገር አቀፍ የላቀ መምህርነት ሽልማት ተሰጣቸው። በ2016 ደግሞ የዓለም የምሕንድስና ዲኖች ምክር ቤትና የአውሮፕላን ሠሪው ኤርባስ በጋራ የሚሰጡትን ሽልማት አገኙ። ይህ የመጨረሻው ሽልማት ከዚህ ሙያ ርቀው የቆዩ ልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች ወደ ምሕንድስና እንዲገቡ ለሚደክሙ ሰዎች የሚሰጥ ነው። በሞርጋን ስቴትም ለመለስተኛና ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክረምት ሥልጠና ሲያካሂዱ ቆይተዋል። በኋላም የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ረዳት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል።

ተምሮ የቀረው ሁሉ ቀርቷል ወይ?

በገጠርም በከተማም አንድ ቅሬታ አለ። ልጆቻችን ተምረው ውጭ አገር ይቀራሉ ይባላል። ቅሬታው ሐሰት አይደለም፤ እኔም ስናገረው ኖሬአለሁ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ደግሞ የትም አገር ሥራ ስለማያጣ ቶሎ ይሄዳል። ሆኖም በየክረምቱ ተመልሶ መምህራንን የሚያሠለጥን ሰው፣ አገር ውስጥ ተቀምጦ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ከሚያገላብጥ ሰው ያነሰ ሠራ ለማለት ይከብደኛል። በሌላ በኩል አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት አገር ጥቂት ናቸው። አንድ ሰው በክረምት ጉዞ የአገርን ላቦራቶሪ ሁሉ ሊሞላ አይችልም።

የአገራችን የምሕንድስና ትምህርት ታሪክም አጭር አይደለም። የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ሲሆን፣ በ1961 ከተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቅሎ ለብዙ ዓመታት በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተብሎ ኖሯል። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መሐንዲስ መሆን የሚችለው ጥቂት ሰው ነበር። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲከፈቱና ከመቶ 70ው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲወሰን፣ የተማሪው ቁጥር ከላቦራቶሪው ቁጥር በብዙ እጥፍ ቀድሞ ሮጠ። የተንቀሳቃሿ ሰሌዳ ጥቅም የጎላው በዚህ ምክንያት ነው።

ኃይል የማመንጨቱን ሥራ ካየን አገሪቱ ብዙ ተራምዳለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ሥራ የጀመረው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 6.6 ሜጋዋት ብቻ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5150 ሜጋዋት ነው። ግድቡን ሁላችንም ከኪሳችን አውጥተን ሠርተነዋል። ነገር ግን የገበሬው ሞተር የሚቃጠለው ግድቡ ላይ አይደለም፤ ከትራንስፎርመሩ እስከ ወንዙ ዳር ባለችው መጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነው። እዚያች ላይ የሚቆም ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያውንም የሚያስተምር መምህር ያስፈልጋል።

ሞተሩ ለምን ተቃጠለ?

በኋላ ከባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን እዚህ ላይ በዝርዝር ብጽፍ የሌላው ማኅበር ሽንኩርት ይተርፍ ይሆናል።

ትልልቅ የመሳቢያ ሞተሮች ባለ 3 ፌዝ ናቸው። ሦስት ገመዶች ተራ በተራ እየገፉ ሞተሩን ያሽከረክሩታል፤ ሦስት ሰዎች ተቀባብለው አንድ ትልቅ መጅ እንደሚገፉ ማለት ነው። በነፋስ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ፊውዝ በመቃጠሉ አንዱ ገመድ ቢቋረጥ ሁለቱ የሦስቱን ሥራ ሊሠሩ ይታገላሉ። በእነርሱ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ከወትሮው ወደ 1.7 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ሞተሩ እየዞረ ከነበረ ያጓራል፤ ቆሞ ከነበረ ደግሞ ጨርሶ አይነሣም፣ ማጓራት ብቻ ነው። መዳቡን የሚሸፍነው ቀጭን ቀለም ሙቀት አይችልም። ባለሙያዎች እንደሚሉት ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ በዚህ ዓይነት የጋለ ሞተር ባይቃጠል እንኳ ዕድሜው አልቋል።

መከላከያው አለ። ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ መሣሪያና ከሦስቱ አንዱ ገመድ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ በመቆጣጠሪያው ሣጥን ውስጥ ይገጠማሉ። በቃጠሎው ማኅበር ሣጥን ውስጥ የመጀመሪያው ነበር፤ ግን ሞተሩ በተደጋጋሚ እየጠፋ ስላስቸገረ አንድ እጀ ሰብ የሆነ ሰው የመቁረጫውን ልክ ወደ ላይ ከፍ አድርጎት ኖሯል። ጠባቂውን ከመንቃት ያገደው ይህ ነው፤ ሞግዚቷን አስተኝቶ ሕፃኑን ብቻውን እንደ መተው ያለ ነገር ነው። የመቁረጫው ልክ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው አምፔር ጋር መስማማት አለበት። ሞተሩ ካጓራ ደግሞ ማንም ሰው ወደ ወንዙ ሳይወርድ መጀመሪያ ማጥፊያውን ይጫን።

ለልጅ የሚመረጥ ሙያ

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ስለ ልጅ ልጃቸው ነበር። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች፤ ቤተ ሰቡ ግን ጤና ወይም መምህርነት ይሻላታል ይላል። ኤሌክትሪክ የወንድ ሥራ ነው የሚል አስተያየት በአካባቢያችን ሰፊ ነው። ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ብቻ ስለምናይ ይመስለኛል። መሐንዲሱ ግን ከምሰሶው ይልቅ በወረቀትና በኮምፒዩተር ላይ ብዙ ይውላል፤ መምህር የሆነው ደግሞ በክፍልና በላቦራቶሪ ነው።

እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ መንገዱ ቀላል አይደለም። የዞናችን ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ ተምረው ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ጠንክሯል። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን የደረሰው ጦርነት ትምህርት ቤቶችን አፍርሷል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከዝርፊያና ከጉዳት አልዳነም። ልጅቱ የምትገባበትን መንገድ ሳላሳምር ነው ለአያቷ የነገርኋቸው።

ያም ሆኖ ዋናው እንቅፋት ሒሳብ መስሎ አይታየኝም። ብዙውን ጊዜ የመኸርና የአረም ሰሞን ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ውኃና እንጨት ይጨመርባቸዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተመለሰ ተማሪ የሒሳቡ ክር ተበጥሶበት ይጠብቀዋል፤ ሒሳብ እንደ ታሪክ ትምህርት መካከሉን ዘሎ የሚያዝ አይደለም። በስብሰባ ላይ የመቅጫ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ያላቸው የማኅበር መሪዎች ስለ ከብት ጥፋት ደንብ እንደሚያወጡ ሁሉ ስለዚህም ቢነጋገሩ ከማንም ምክር ይልቅ የሚሠራ ይመስለኛል። ሽማግሌው ይህን ስላቸው ዝም አሉ። የልጅ ልጃቸው ባለፈው የአጨዳ ሰሞን ስንት ቀን እንደቀረች አልጠየቅኋቸውም፤ ፊታቸው ነግሮኛል።

ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ላይ

አሁን ወደ ሦስተኛይቱ ግዴታ እመለሳለሁ። ከከሚሴ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኛል። በውስጡም የኤሌክትሪክና ኮምፒዩተር ምሕንድስና ትምህርት ክፍል አለ። ከላይ እንደተገለጸው የዩኒቨርሲቲ መምህር ከማስተማርና ከመመራመር ሌላ ኅብረተሰቡን ማገልገል የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ደረጃው ሲያድግም ይቆጠርለታል። ስለዚህ ማኅበራችሁ ችግሩን በደብዳቤ ጽፎ፣ በማኅተም አጽድቆ ቢልክ ልመና አይሆንም። መልሱ ሊዘገይ ይችላል፤ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናት ርእስ የሚመርጥበትን ወቅት ጠብቆ የላከ ግን ዕድሉ የተሻለ ይመስለኛል። ለምረቃ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ የቦርከናን መሳቢያ ቢያጠና ከሌላ አገር መጽሐፍ ከሚገለብጥ ይሻለዋል።

ደብዳቤው ግን ሞተራችን ተቃጠለ ብቻ ካለ ማንም አይረዳውም። መሳቢያው ከወንዙ እስከ ማሳው ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚገፋ፣ ትራንስፎርመሩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ገመዱ መዳብ ይሁን አሉሚኒየም፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የሚጠፋውም በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። ማታ ማታ መብራት ሲደክም የሚቃጠል ሞተርና ጠዋት ሲነሣ የሚቃጠል ሞተር በሽታቸው ልዩ ነው። ከዚያም በሞተሩ ጎን በተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ፣ ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ ኪሎዋቱ፣ በደቂቃ የሚዞረው ዙር፣ አንድ ሳይቀር ይገልበጥ።

እኛ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስንቀመጥ ሰሌዳዋ ሞተሩ በታደሰ ጊዜ በአረንጓዴ ቀለም ተለቅልቃ አገኘናት። ሽማግሌው ጋዝ አስመጡ፤ ልጅቱ በጨርቅ ትፈገፍጋለች፣ እኔ የሚታየውን ቁጥር እጽፋለሁ። አምፔሩ ጋ ስንደርስ እኔ 16 ብዬ ጻፍሁ፤ እርሷ ጨርቁን አስቀምጣ ሰሌዳዋን በጣቷ ዳስሳ፣ አይደለም 18 ነው አለች። በፀሐይ ገልጠን አየነው። 18 ነበር።